ስለ ሲዬናይቱ ካታሪና፤ ምእመን ለአለቃው እንዴት እንደ ተናገረች

አንባቢ ሆይ፤ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ሥራውን ቸል ሲል ብታይ ምን ታደርጋለህ? እኛ ምእመናን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን፤ ወይ በፊቱ እጅ እየነሣን እናሞግሰዋለን፤ ወይም በኋላው ከጎረቤት ጋር ተቀምጠን እናማዋለን። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚያደርግ አይጠፋም። እንግዲህ ክህነትም ሹመትም ያልነበራት አንዲት ሴት በሌላ መንገድ እንደ ሄደች ልንገርህ።

ካታሪና በኢጣልያ አገር በሲዬና ከተማ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1347 ዓመት ተወለደች። አባቷ ልብስ በቀለም የሚነክር ባለሙያ ነበረ። ወላጆቿ ሊድሯት ቢሹ እንቢ አለች፤ ነገር ግን ወደ ገዳም አልገባችም። የቅዱስ ዶሚኒኮስን ሥርዐት በየቤታቸው ከሚጠብቁት ሴቶች ጋር ተቈጥራ ድሆችን ትረዳ ነበር። በ1374 ቸነፈር በከተማዋ በገባ ጊዜም ሕሙማንን አስታመመች። ይህን አስቀድሜ መንገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ ታላላቆችን በገሠጸች ጊዜ ሥራዋ ይመሰክርላት ነበርና።

በዚያ ዘመን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በሮማ አይቀመጡም ነበር። ከ1309 ጀምሮ መንበራቸው በሮን ወንዝ ዳር ባለችው በአቪኞን ከተማ ነበረ። በኢጣልያ የሾሟቸው ገዥዎች ሕዝቡን ስላስመረሩ በ1375 የፊሬንሴ ሰዎች ተነሡባቸው፤ ጎርጎርዮስ 11ኛም ከተማይቱን አወገዘ። ካታሪና ለሁለቱም ወገን ደብዳቤ አጻፈች። ለዐመፀኞቹ፥ እረኛው ቢበድላቸው እንኳ ከርሱ መለየት እንደማይገባቸው ነገረቻቸው። ለጎርጎርዮስ ደግሞ እንደ ልጅ ለአባቷ እየጻፈች፥ ክፉዎቹን ሹማምንት እንዲሽር፥ ከጦር ይልቅ ሰላምን እንዲወድ፥ ፍርሃቱንም ትቶ ወደ ሮማ እንዲመለስ ለመነችው። በ1376 ራሷ አቪኞን ድረስ ሄደች። ቋንቋው ስላልገጠመላቸው የነፍስ አባቷ የካፑዋው ራይሞንዶ በመካከላቸው ያስተረጕም ነበር። ጎርጎርዮስም በዚያው ዓመት ከአቪኞን ተነሥቶ በጥር 1377 ሮማ ገባ። በርስዋ ምክር ብቻ ተመለሰ አልልህም፤ እርሱም አስቀድሞ ያስበው ነበርና፤ ነገር ግን ካርዲናሎቹ ወደ ኋላ ሲጐትቱት ልቡን ያጸናችው እርስዋ ናት።

ከዚህ የበለጠ ፈተና ገና ነበረባት። በ1378 ጎርጎርዮስ ሞተ፤ ኡርባኖስ 6ኛ ተመረጠ። ይህ ሰው የካርዲናሎቹን ቅንጦት መጥላቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ቍጡ ነበረ፤ በሰው ፊትም ያዋርዳቸው ነበር። እነርሱም ምርጫው የተደረገው በሕዝብ ሁከት ተገደን ነው ብለው ሌላ ሾሙ። ያንጊዜ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ልብ አድርግ። ካታሪና የኡርባኖስን ጠባይ አልደበቀችም፤ ቍጣውን እንዲያበርድ፥ በገርነትም እንዲገዛ በግልጥ ጻፈችለት። ሆኖም ጠባዩ አስቸጋሪ ነው ብላ ወደ ሌላው አልሄደችም። ከርሱ የሸሹትን ካርዲናሎች፥ ራሳቸው መርጠው አክብረው ኋላ መካዳቸውን እያነሣች አጥብቃ ወቀሰቻቸው። ኡርባኖስም ተግሣጿን ሳይቀየም ወደ ሮማ አስጠራት፤ በካርዲናሎቹም ፊት እንድትናገር አደረገ።

ነገሩ ግን ለማንም ግልጽ አልነበረም። ቪንቼንሶ ፌረር፥ ኋላ ቅዱስ የተባለው፥ በአቪኞኑ ወገን ቆሞ ነበር። ስለዚህ በዚያ ወገን የቆሙትን ሁሉ ክፉዎች ናቸው ብለህ አትፍረድ።

ካታሪና መለያየቱ ሲያበቃ አላየችም። በ1380 በጾመ ሁዳዴ፥ ሰውነቷ እጅግ ደክሞ ሳለ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት ለመጸለይ ዕለት ዕለት በእግሯ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። ኋላም መነሣት ተሳናት፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል 29 ቀን በ33 ዓመቷ በሮማ ዐረፈች። ሁለቱ ወገኖች አንድ ርእስ ያገኙት በ1417 ነው።