ከጀበርት የተገኙት አንባቢ



 የዛሬው ወጋችን ዕድሜያቸውን ከኪታብ ጋር ስላሳለፉ ሰው ነው። ካይሮ ተወልደው ካይሮ ቢሞቱም ስማቸው የኛን አገር ይዟል፤ ሸይኽ ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ፣ ረሒመሁላህ።

ጀበርት ማለት የኢፋት አካባቢ የቀድሞ ስም ነው። ሰባተኛ አያታቸው ከዚያ ተነስተው ለዒልም ካይሮ ገቡ። በአልአዝሀር ውስጥ ከሐበሻ ምድር የሚመጡ ደረሶች የሚያርፉበት ሪዋቅ አልጀበርት ነበረ፤ እሳቸውም የዚያ ሸይኽ ሆኑ። ኃላፊነቱ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቀጠለ። የዛሬው ባለታሪካችን የተወለዱት በ1167 ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1753 አካባቢ ነው።

አባታቸው ሸይኽ ሐሰን ፊቅህን ከሒሳብና ከሥነ ፈለክ ጋር ያጣመሩ ዓሊም ነበሩ። ከአውሮፓ ሳይቀር ጂኦሜትሪ ሊማሩ የሚመጡባቸው ተማሪዎች ነበሩ። በቤታቸው አንድ ቦታ ለይተው በአልአዝሀር የሚቀሩትን ኪታቦች ለደረሶች አስቀምጠው ነበር። ደረሶቹ ሳያስፈቅዱ ገብተው ይወስዳሉ። የሚመልስ አለ፣ የማይመልስ አለ፣ ወስዶ የሚሸጥም አልጠፋም። ብዙ ኪታብ የጠፋውና የተበላሸው በዚሁ ልግስና እንደሆነ ልጃቸው ጽፈዋል።

ልጅየው እንዲህ ባለ ቤት አድገው የዘመናቸውን ታሪክ ሊጽፉ ሲነሱ ግን የሚነበብ አጡ። ስላለፈው መቶ ዓመት የተጻፈው ጥቂት ነበር። ስለዚህ የመዝገብ ጸሐፊዎችን ደብተር አገላበጡ፣ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፣ መቃብር ድረስ ሄደው በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ስምና ቀን አነበቡ። ሐቁ ያለበትን ሁሉ እንደ ኪታብ አነበቡት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1798 የናፖሊዮን ጦር ካይሮ ገባ። ፈረንሳዮቹ እኛም የእስልምና ወዳጆች ነን የሚል አዋጅ በዐረብኛ በተኑ። አልጀበርቲ ብዕራቸውን አንስተው አዋጁን ቃል በቃል መረመሩት። የሰዋስው ስሕተቱን ነቀሱ፣ የእምነት አባባሉን ውድቅ አደረጉ። ባማረ ቃል አልተሸነገሉም።

እኚሁ ሰው ግን ወራሪዎቹ የከፈቱትን ቤተ መጻሕፍት ሊያዩ ደጋግመው ሄዱ። ያዩትንም ሳይደብቁ መዘገቡ። አንባቢዎች በሰፊ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ጠባቂው የፈለጉትን ያመጣላቸዋል፣ ተራ ወታደሮች ሳይቀሩ ገብተው ያነባሉ። ሊያይ የመጣ ሙስሊም አይከለከልም፤ ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል። በዚያም ስለ ነቢያችን ﷺ ሲራ የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ፣ በቋንቋቸው የተተረጎመ ቁርኣንና የቃዲ ዒያድን ሺፋእ አዩ። ለዒልም ያላቸውን ትጋት አደነቁ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሰዎቹን ወረራ ጠልተው፣ የንባብ ፍቅራቸውን ግን አልካዱም። ንባቡን ስላደነቁ ደግሞ ወረራውን አላሳመሩም። ይህ ኢንሳፍ ነው፤ ለወደዱት አለመጨመር፣ ከጠሉት አለመቀነስ።

ፈተናው የከበደው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ሙሐመድ ዓሊ የግብፅ ገዥ ሆነ። ሙስሊም ነው፣ ብርቱም ነው። አልጀበርቲ ብርታቱን አልነፈጉትም፤ ነገር ግን የግብሩን ክብደት፣ የወቅፍ መሬት መወሰዱን፣ የድሃውን እንባ እንዳዩት ጻፉ። ብዙዎች ገዥውን በሚያወድሱበት ጊዜ ይህ ቀላል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1822 ልጃቸው ኸሊል ተገደለ። አባት ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከሐዘናቸው ብዛት አልቅሰው ዓይናቸው ጠፋ፤ ዕድሜውን ሲያነብ የኖረ ሰው ፊደል ማየት ተሳነው። ብዙም ሳይቆዩ እ.ኤ.አ. በ1825 አካባቢ ወደ አኺራ ሄዱ። ዐጃኢቡል ኣሣር የተባለው ትልቁ ታሪካቸው በግብፅ ለረጅም ዘመን እንዳይታተም ተደረገ። በሙሉ የታተመው በ1297 ሒጅራ ነው፤ ያ ሁሉ ክልከላ ሊያጠፋው አልቻለም።

ዛሬ ሶዶ ላይ ተቀምጦ በስልኩ በመቶ የሚቆጠር ኪታብ የያዘ ወጣት አለ። ኪታብ በእጅ በሚገለበጥበት ዘመን ይህ በሕልምም አይታሰብም ነበር። ግን ስንቶቻችን ነን የደረሰንን ጽሑፍ ሳንጨርስ ሼር የምናደርገው? የወደድነው ሰው ሲሳሳት የምንሸፍንለት፣ የጠላነው እውነት ሲናገር የምንዘልለው? ንባብ የሚለካው በገጽ ብዛት ብቻ አይደለም። አንብበን ፍርዳችን ካልተስተካከለ፣ ያነበበው ዓይናችን ብቻ ነው።

እስከ ሚቀጥለው ጁምዓ ሁለት ነገር እንሞክር። አንድ መጽሐፍ ጀምረን እንጨርስ፤ ያነበብነውን አንዱን ደግሞ ለሌላ ሰው እናውስ። ባይመለስስ? የሸይኽ ሐሰንም ብዙው አልተመለሰም፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ በመልካም ይነሳል።

አላህ ሁለቱንም ይዘንላቸው። ለኛም የሚጠቅም ዒልምና ሐቅን የማይፈራ ልብ ይስጠን። ኣሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!