የደብረ ማርቆሱ አዳራሽ ባለቤት፦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት

ለአገልግሎትም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ከደረሳችሁ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ሳታዩ አትመለሱ። እኛ አዳራሽ ስንል ጉባኤና መዝሙር ይታወሰናል። በዚያ ዘመን ግን አዳራሽ ግብር የሚበላበት፣ ሹመት የሚሰጥበት፣ ዘመቻም የሚመከርበት ቤት ነበር። መኳንንቱ ይቀድማሉ፣ ወታደሩ በየተራው ይገባል።

ንጉሡ የቀድሞ ስማቸው አዳል ተሰማ ነው። አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከኋለኛው አፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲዋጉ የወደቁት ናቸው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አደረጓቸው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማቸውም በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች።

ችግሩ ከፋ ከዓባይ ማዶ መሆኑ ነው። የዚያን አገር ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበር። ሁለቱም ክርስቲያን፣ ሁለቱም የአንድ ንጉሠ ነገሥት ተገዢ ሆነው ሳለ በግንቦት 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተፋጁ። የራስ ጎበና ፈረሰኞች የጎጃምን ጦር ሰበሩት፤ ንጉሡም ቆስለው ተማረኩ።

ሳኦል በዳዊት እጅ የወደቀበትን ሌሊት አስቡ። ምኒልክ ምርኮኛውን አልገደሉም፤ በክብር ያዙ። አፄ ዮሐንስ ግን ያለ ፈቃድ በመዋጋታቸው ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። የሞተው ወታደር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉም በላይ የከፈለ እርሱ ነው።

መከራው በዚህ አላበቃም። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ሳር ውሃ ላይ ንጉሡን ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ። ብዙ ሳይቆይ ንጉሡ ከምኒልክ ጋር በአፄ ዮሐንስ ላይ ተስማሙ፤ አፄውም ተቆጥተው ጎጃምን አጠፉት። ነገሥታቱ ሲጣሉ ጎተራው የተራቆተው ገበሬው ነበር።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ፤ ምኒልክም ነገሡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የእምባቦው አሸናፊና የእምባቦው ምርኮኛ በአንድ ወገን ተሰልፈው ነበር። ያን ቀን የጎጃም ጦር የተሰለፈው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ከሰበረው የሸዋ ጦር ጎን ነው።

ንጉሡ በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ኃይሉ በኋላ ጎጃምን በራስነት ማዕረግ ገዙ።