ዳግማዊ አባ ጅፋር፦ የብልኁ ንጉሥ አእምሮ ሲደክም

ከጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘው ጥንታዊ የእንጨት ቤተ መንግሥት ከ50 ዓመታት በላይ ጅማን ያስተዳደሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር መኖሪያ ነበር። ንጉሡ በይበልጥ የሚታወሱት በብልኅነታቸውና አገራቸውን ከጦርነት ጥፋት በመጠበቃቸው ነው። የሕይወታቸው የመጨረሻ ምዕራፍ ግን እምብዛም አይወሳም። ይህ ምዕራፍ የአንድ ሰው አእምሮ በዕድሜ ሲደክም በቤተሰቡም ሆነ በሚመራው ተቋም ላይ የሚያስከትለውን ችግር በግልጽ የሚያሳይ ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1861 አካባቢ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የልደት ስማቸው መሐመድ ዳውድ ሲሆን፣ አባ ጅፋር የሚለው እንደ ዘመኑ ልማድ የፈረስ ስማቸው ነው። አባታቸው ንጉሥ አባ ጎሞል በ1878 ሲያርፉ ገና በለጋ የወጣትነት ዕድሜያቸው ዙፋኑን ወረሱ። ጅማ በዚያን ጊዜ ሊሙ እናሪያን፣ ጎማን፣ ጉማንና ጌራን ጨምሮ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች።

ወጣቱ ንጉሥ የተረከቡት በደንብ የተደራጀ አስተዳደር ነበር። ግዛቱ ቆሮ በሚባሉ 60 ያህል ወረዳዎች የተከፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ወረዳ በንጉሡ የሚሾም አባ ቆሮ ያስተዳድረው ነበር። ድንበሩ በቦይና በኬላ ይጠበቃል፤ ነጋዴውም በኬላው በኩል ቀረጥ ከፍሎ ያልፋል። የዛሬዋ ጅማ ከተማ የተመሠረተችበት የሂርማታ ገበያ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ ዋነኛ ማዕከል ለመሆን የበቃው በዚህ ሥርዓት ነው።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ኃይል ወደ ጊቤ አካባቢ ሲደርስ፣ አባ ጅፋር ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ መዋጋት ወይም መገበር። እናታቸው ጉሚቲ ልጃቸው በሰላም እንዲገብሩ መምከራቸውን የታሪክ ጸሐፍት ያወሳሉ። ንጉሡም በየዓመቱ ግብር ለመክፈል በመስማማታቸው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። በጦርነት ከወደሙት አንዳንድ አጎራባች ግዛቶች በተለየ መልኩ ጅማ ሕዝቧንና ገበያዋን ይዛ ሃያኛውን ክፍለ ዘመን ለመቀበል የቻለችው በዚህ ውሳኔ ነበር።

ይሁን እንጂ ዘመኑ ነውር የሌለበት አልነበረም። አባ ጅፋር በ1894 በወላይታ፣ በ1897 ደግሞ በከፋ ላይ በተካሄዱት ዘመቻዎች ከምኒልክ ጦር ጋር ተሰልፈዋል። በሂርማታ ገበያም ከቡናው፣ ከማሩና ከዝባዱ ጎን ለጎን የሰው ልጅ በባርነት ይሸጥ ነበር። የንጉሡ ሀብት ከዚህ ንግድ የተለየ እንዳልነበረ ሊካድ አይገባም።

ከመንግሥቱ ጥንካሬ በስተጀርባ ግን አንድ ትልቅ ድክመት ነበር። ከምኒልክ ጋር የተደረገው ስምምነት ከሰነድ ይልቅ በሁለቱ መሪዎች መተማመን ላይ የቆመ ነበር። አባ ጅፋር የትኛው መኳንንት ምን እንደሚፈልግ፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ምን መሰጠት እንዳለበትና ምን መከልከል እንደሚቻል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ይህ ሁሉ ዕውቀት የተከማቸው በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ነው።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋው ንጉሥ ጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን የማሰብና የማስታወስ ችሎታቸውም ደከመ። በዚህም የተነሳ የሥልጣኑ ልጓም ቀስ በቀስ በልጅ ልጃቸው በአባ ጆቢር አባ ዱላ እጅ ገባ። በአዲስ አበባ በ1930 የነገሡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ግዛቶችን ሁሉ በማዕከላዊ አስተዳደር ሥር ለማዋል ቆርጠው ተነስተው ነበር። ጅማን ለግማሽ ምዕተ ዓመት የጠበቃት የድርድር ችሎታ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት የችሎታው ባለቤት አእምሮ ደክሞ ተገኘ። በ1932 የጅማ የውስጥ ነጻነት አበቃ፤ አባ ጅፋርም በዚያው ዓመት አረፉ። የማዕከላዊነት ጉዞው ንጉሡ ጤነኛ ቢሆኑም ላይቆም ይችል ነበር፤ ሽግግሩ የተፈጸመው ግን የሚደራደር ብርቱ መሪ በሌለበት ሁኔታ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ፈተና የምኒልክን ቤተ መንግሥት ገጥሞታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1907 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ በ1909 ደግሞ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በአንጎላቸው ላይ የደረሰው ከባድ ምት ሰውነታቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውን ዘጋ። እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ ታኅሣሥ 1913 ድረስ አራት ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆዩ። በመካከሉ እቴጌ ጣይቱ በ1910 ከሥልጣን ተገለሉ፤ እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማም በ1911 አረፉ። ወራሹ አስቀድሞ ቢታወቅም፣ በታመመው ንጉሠ ነገሥት ስም ማን እንደሚያዝ ያከራክር ነበር።

በዚያ ዘመን የአእምሮ መድከም የዕድሜ ዕጣ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬም በብዙ ቤት ጃጀ ተብሎ ይታለፋል። የሕክምና ሳይንስ ግን ከተለመደው የእርጅና መርሳት የተለየ፣ የአንጎልን ሴሎች የሚጎዳ የመርሳት ሕመም መኖሩን አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ። ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው።

ጉዳዩን የመረመረ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በ2024 ባወጣው ጥናት 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። እነዚህን በመከላከል ከሕመሙ 45 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ብሏል። ከእነዚህ መካከል የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ድባቴ፣ ብቸኝነትና የመስማት ችሎታ መቀነስ ይገኙበታል። የደም ግፊት በአንጎል ላይ ለሚደርሰው ምትም ዋነኛ መንስኤ ነው።

የመስማት ችሎታ ሲቀንስ አንጎል የሚደርሰው ድምፅ ስለሚያንስ በራሱ ሥራ ለማካካስ ይሞክራል። በብዙ ሰዎች ላይ በጆሮ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሰማው ጩኸት በዚህ መንገድ እንደሚፈጠር ይታመናል። ጩኸቱ ስሜትን ከሚቆጣጠሩ የአንጎል ክፍሎች ጋር ሲተሳሰር እንቅልፍ ይነሳል፤ ጭንቀትና ድባቴም ያስከትላል። በመሆኑም የአረጋዊ ጆሮ አልሰማ ሲል በትዕግሥት ጮክ ብሎ ከመናገር ባሻገር ማስመርመር ይገባል።

ጅማ ዛሬ ለዚህ ችግር ባዶ እጇን አይደለችም። በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1999 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው በአእምሮ ሕክምና ዘርፍ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ተማሪዎቹንም ወደ ኅብረተሰቡ አሠማርቶ በማስተማር ይታወቃል። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎች የቡና ከተሞች ለሚኖር ቤተሰብ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፤ የአረጋዊውን የደም ግፊት ማስለካት፣ የመርሳት ምልክቱን ሳያፍሩ ለጤና ባለሙያ መንገር፣ ከጎረቤትና ከወዳጅ እንዳይነጠል ማድረግ።

በየመሥሪያ ቤቱ ላሉ የሥራ ኃላፊዎች ደግሞ የጅሬኑ ንጉሥ ታሪክ የሚያስገነዝበው ሌላ ነገር አለ። የረጅም ዘመን ልምድ በጽሑፍ ሳይሰፍር፣ ተተኪውም በግልጽ ሳይታወቅ በአንድ ሰው ትዝታ ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ ትዝታው በደከመ ዕለት መሥሪያ ቤቱም አብሮ ይደክማል። አባ ጅፋር ጅማን ከጦር አድነዋታል፤ ብልኅነታቸውን የሚረከብ ሥርዓት ግን ሳያቆሙ አልፈዋል።