ባባ ጎር፦ ህንድ ውስጥ ከበሮ የሚመታላቸው ሐበሻ



በአገራችን ከበሮ ሲነሳ ሁለት ቦታ ቶሎ ይታወሰናል። አንዱ የድጓ ተማሪ የሚያስመሰክርባት የጋይንቷ ቤተ ልሔም ናት። ሌላው ድቤ እየተመታ መንዙማ የሚባልበት የወሎ ሐድራ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ከባሕር ማዶ ስላለ ሦስተኛ ቦታ ነው። በምዕራብ ህንድ፣ በጉጅራት ግዛት ባሩች አውራጃ፣ ረተንፑር በምትባል መንደር ኮረብታ ላይ የአንድ ወልይ መቃብር ይገኛል። የአካባቢው ሰው ባባ ጎር ይላቸዋል። ስማቸው ሲዲ ሙባረክ ኖቢ ነው።

የሕይወት ታሪካቸውን ጠብቀው ያቆዩት ሲዲዎች ናቸው። ሲዲ ወይም ሐበሺ የሚባሉት በወታደርነት፣ በባሕረኛነት፣ አብዛኞቹም በባርነት ከአፍሪካ ተሻግረው ህንድ የቀሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። በ1626 የሞተው ዝነኛው መሪ ማሊክ አምበርም ከሐበሺዎቹ አንዱ ነበር። በእነርሱ ትውፊት ባባ ጎር ከሐበሻ ምድር የወጡ የጦር አዛዥ ናቸው። ወደ ህንድ ሲያቀኑ በመንገዳቸው ከሪፋዒያ ጠሪቃ ጋር ተገናኙ፤ ባባ ጎር የሚለውንም ስም ያገኙት በጥልቅ ተመስጧቸው የተነሳ ነው ይባላል። ጉጅራት ሲደርሱ ሕዝቡን የምታስጨንቅ ማካን ዴቪ የምትባል ክፉ መንፈስ ነበረች። እርሷን ያሸነፈችው ግን ተከትላቸው የመጣችው እህታቸው ማይ ሚሽራ ናት። ወንድማቸው ባባ ሐበሽም አብረው ይዘከራሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። በዚያ አካባቢ ዐቂቅ ይወጣል፤ ብዙዎቻችን በቀለበት ላይ የምናውቀው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በእሳት ሲጋል ቀለሙ ወደ ቀይ ይለወጣል። የዐቂቅ ሠራተኞች ይህን ጥበብና ንግዱን ያስፋፉት ባባ ጎር ናቸው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሲዲዎቹ የሚያወሷቸው እንደ ወልይ ብቻ ሳይሆን እንደ ነጋዴም ነው።

አሁን ወደ ከበሮው እንምጣ። በህንድ በዓለም ደረጃ የታወቀው የእጅ ከበሮ ጠብላ ነው። ስሙ ጠብል ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በቆዳው ላይ ከብረት ብናኝና ከዱቄት የተሠራ ጥቁር ልጥፍ አለው፤ ጥርት ያለውን ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። በባባ ጎር መቃብር የሚመታው ግን የዚህ ዘመድ አይደለም። ሙገርማን ከእንጨት የተሠራ፣ በራሱ እግሮች የሚቆም ትልቅ ከበሮ ነው፤ መቺው በእጁ ይመታዋል። ሙሲንዶ ደግሞ ከእሱ ያነሰ፣ በሁለቱም ጫፍ ቆዳ የተወጠረበት ነው። ከከበሮዎቹ ጋር ማሉንጋ የሚባል፣ ቅል የታሰረበት ባለ አንድ ክር ቀስት መሳይ መሣሪያ አለ፤ ሲዲዎች የባባ ጎር ነው ይላሉ። በኮኮናት ቅርፊት የሚሠራው ጽናጽል መሳይ መንኳኳያ ደግሞ የእህታቸውን ስም ይዞ ማይ ሚሽራ ይባላል። ከሦስቱ ወልዮች ሁለቱ በዜማ መሣሪያ ውስጥ ስማቸው ይኖራል ማለት ነው።

ሐበሻ ናቸውና ከበሮውም የኛ ነው ለማለት እንቸኩል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ ማለቱ ትክክል አይመስለንም። ሲዲዎች ጭፈራቸውን ጎማ ይሉታል፤ ይህ በስዋሂሊና በሌሎች የባንቱ ቋንቋዎች ከበሮን የሚጠራው ንጎማ የሚለው ቃል ነው። ሙሲንዶም በታንዛኒያ ምሶንዶ ከሚባለው ከበሮ ስም ጋር ይቀራረባል። በህንድ ሐበሺ የሚለው ስም ከምሥራቅ አፍሪካ ለመጣ ሁሉ ይሰጥ ነበር። የወልዩ ቅጽል ኖቢም ወደ ኑቢያ ያመለክታል። የስዋሂሊው ባሪያ፣ የኑቢያው ሰውና የሐበሻው ወታደር በባዕድ አገር አንድ ስምና አንድ ከበሮ ይዘው ኖሩ። ትውፊቱን ለአንዳችን ብቻ ብንሰጠው የሌሎቹን ድርሻ እንቀማለን፤ የእነርሱ ድርሻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰንሰለት የተጓዙት ሰዎች ነው።

የከበሮው ሸሪዓዊ ፍርድ እዚያም እንደዚህ አገር ያከራክራል። በድቤ ላይ ዑለሞቻችን የተለያዩበትን ጉዳይ ጠንቅቃችሁ ታውቁታላችሁና እዚህ አንገባበትም። የረተንፑሩ ደርጋህ ግን ዛሬም ሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን ሂንዱውና ፓርሲውም ይመጡበታል፤ ልጅ የተከለከሉ ሴቶች ወደ ማይ ሚሽራ ይሄዳሉ። ከሲዲዎቹ አንዳንዱ ሲዲ ጎማ በሚል ስም ከአገር ውጭ በመድረክ ላይ ሙገርማን እየመታ እንጀራውን ያበስላል፤ በዓሉ ሲደርስ ግን ወደ ኮረብታው ተመልሶ ለባባ ጎር ይመታል።