ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል፤ የስልክ ሽቦና የቤኒ ሻንጉል ዘመቻ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን ታሪክ የሚያጠና ባለሙያ ከዳግማዊ ምኒልክ ስም ቀጥሎ የሚያገኘው የራስ መኰንን ወልደ ሚካኤልን ስም ነው። በ1844 ዓ.ም. በሸዋ የተወለዱት መኰንን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ የምኒልክም የአክስት ልጅ ነበሩ። ሐረር በ1879 ዓ.ም. ስትያዝ ገዥዋ ሆነው ተሾሙ።

በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ የውጫሌን ውል ተከትሎ ወደ ኢጣልያ የተላከውን መልእክት የመሩት እርሳቸው ናቸው። በ1882 ዓ.ም. ሲመለሱ ካመጧቸው ዕቃዎች አንዱ ስልክ ነበር። መሣሪያው በቤተ መንግሥቱና በግምጃ ቤቱ መካከል ተዘረጋ፤ ሰው ሳይታይ ድምፅ ሲሰማ አንዳንድ ካህናት የአጋንንት ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ክሱን እንዳልተቀበሉት ይነገራል። ካህናቱን በማላገጥ ይህን ታሪክ መተረክ ቀላል ነው፤ ግን ሽቦው ምን እንደሚያስተላልፍ ማንም ያላስረዳው ሰው መጠራጠሩ የሚያስነውር አይደለም። ኋላም ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መስመር ተዘረጋ።

የዘመኑን መሣሪያ ውስጡን ማየት ለባልደረቦቻችን ይጠቅማል። እያንዳንዱ ስልክ ለንግግር የራሱ ባትሪ፣ ለጥሪ በእጅ የሚዞር ማግኔቶ ነበረው። ማይክሮፎኑና ባትሪው በአንድ ጥቅል ሽቦ፣ መስመሩ በሌላ ጥቅል ሽቦ ይቆሙና ድምፁ በመግነጢስ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር።

ራሱ በአምባላጌና በዐድዋ ከተዋጉ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ጦራቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቤኒ ሻንጉል አዘመቱ። አገሩ በአሶሳ፣ በቤኒ ሻንጉልና በኾሞሻ ሼሆች የተከፈለ፣ በወርቁም የታወቀ ነበር። ሱዳንን ለመያዝ ከሚገሠግሱት እንግሊዞች በፊት ወሰኑን ለማስከበር ታስቦ የተደረገው ዘመቻ ግቡን መታ፤ በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የወሰን ውልም አገሩ ለኢትዮጵያ ጸና። ለአገሬው ሰው ግን ነገሩ ጦርነት፣ ከዚያም የወርቅ ግብር ነበር፤ የራሱን ክብር የሚጽፍ ሁሉ ይህን አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል።

ዛሬ በዚያው በአሶሳ የስልክ መስመርን ከኮምፒዩተር የድምፅ መግቢያ ጋር ለማገናኘት የሚነሣ ባለሙያ የሚገጥመው ጥያቄ በዚያ ጥንታዊ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያለው ነው። የማዕከል ባትሪ ከመጣ ወዲህ ስልኩ ሳይነሣ በመዳብ መስመሩ ላይ 48 ቮልት ያህል ይቆማል፤ ሲጠራ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይመጣበታል። የኮምፒዩተሩ መግቢያ የሚችለው አንድ ቮልት ገደማ ወይም ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። አካሉም ከመሬት ጋር ስለሚያያዝ በቀጥታ የተገጠመ ሽቦ የመስመሩን ሚዛን አፍርሶ ጉርምርምታ ያመጣል፤ ሲከፋም መሣሪያውን ያቃጥላል፣ ሰውንም ይጎዳል። ስለዚህ በመካከል አንድ ለአንድ የሆነ የ600 ኦም ትራንስፎርመር ይቆማል፤ በመስመሩ በኩል ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ የሚያግድ፣ 250 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ይገባል፤ በኮምፒዩተሩ በኩል ፊትና ኋላ የተገጠሙ ሁለት ዳዮዶች የጥሪውን ግፊት ይቀንሳሉ። የክረምቱ መብረቅ በሚበረታበት አገር ደግሞ ከሁሉ በፊት፣ መስመሩ ቤት ሲገባ፣ በደንብ መሬት የተያያዘ የመብረቅ መከላከያ ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ብቻውን መብረቅን አይመልስም።

ራስ መኰንን በ1894 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተልከው ነበር። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀምረው ሳለ ታመሙና በመጋቢት ወር ቁልቢ ላይ ዐረፉ፤ በሐረርም በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ልጃቸው ተፈሪ በዚያን ጊዜ ገና 13 ዓመቱ ነበር።