ኦይለር፦ የመጋቢው ልጅ

ከለቡ መብራት ኃይል ተነሥቶ ኮሌጅ የገባ ልጃችን ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሲጀምር የኦይለር ስም ያጋጥመዋል። ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1707 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ከፕሮቴስታንት መጋቢ ተወለደ። አባቱ አገልጋይ እንዲሆን ሥነ መለኮት ቢያስጀምሩትም፣ መምህሩ ዮሐን በርኑሊ ስጦታው ሒሳብ መሆኑን አስረድቶ አሳመናቸው። የለውጡን ፍጥነት ይዞ በትንንሽ እርምጃ ወደ መልሱ የሚጠጋውን ዘዴ በ1768 አሳተመ። የቀኝ ዓይኑን ብርሃን በ1738 አጥቶ ነበር፤ በስተርጅና ሌላውም ጠፋበት። ነገር ግን በ1783 እስኪሞት ድረስ ሒሳቡን በቃሉ ሲናገር ሌሎች ይጽፉለት ነበር። ማታ ማታም ቤተሰቡን ሰብስቦ ጸሎት ይመራ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከመድረኩ ይልቅ ወደ ሒሳቡ ቢያዘነብል እግዚአብሔርን የተወ አይምሰላችሁ። ስጦታውም ከጌታ ነውና።