ዊሊያም አሎንሶ፦ የከተማን መሬት ያሰላ ሰው

የከተማ ኢኮኖሚክስ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ከመሃል ከተማ ወደ ዳር እየወረደ የሚሄደውን የመሬት ኪራይ መስመር ያውቀዋል። መስመሩን ለፈተና እንስለዋለን እንጂ ከጀርባው ማን እንዳለ ብዙዎቻችን አንጠይቅም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ስለ ዊሊያም አሎንሶ ጥቂት ማለት ፈልጌአለሁ።

አሎንሶ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1933 በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ነው። አባቱ አማዶ አሎንሶ የታወቀ የስፓኒሽ ቋንቋ ምሁር ነበር። ፔሮን ሥልጣን በያዘበት በ1946 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ አባትየውም ሃርቫርድ ማስተማር ጀመረ። ልጁ እዚያው አርክቴክቸርና የከተማ ፕላን ከተማረ በኋላ በ1960 ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በሪጅናል ሳይንስ ዶክትሬቱን አገኘ። በዚህ ዘርፍ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ስሙን ያስጠራው በ1964 ያሳተመው የመሬት አጠቃቀም መጽሐፉ ነው። የተነሳበት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በአሜሪካ ከተሞች ድሃው ውድ በሆነው መሃል፣ ሀብታሙ ርካሽ በሆነው ዳር የሚኖረው ለምንድን ነው? ጀርመናዊው ፎን ቱነን በ1826 ስለ እርሻ መሬት የጻፈውን ሐሳብ አሎንሶ ወደ ከተማ አመጣው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ገቢውን ለቦታ፣ ለትራንስፖርትና ለሌላ ፍጆታ ያካፍላል። ሀብታሙ ሰፊ ግቢ ስለሚፈልግ የመንገዱን ወጪ ችሎ ይርቃል። ድሃው ደግሞ ለአንድ ካሬ ሜትር ብዙ ቢከፍልም ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናንቆ ስለሚኖር መሃሉን ይችለዋል።

በርክሌይ ሲያስተምር በ1971 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ፣ የትልቅ ከተማን ወጪ ብቻ ቆጥሮ ከተማው በዛ ማለት ስህተት መሆኑን አሳየ፤ የሚያመርተውም አብሮ መታየት አለበት። በ1976 ወደ ሃርቫርድ ተመልሶ በሕዝብ ጥናት ላይ ሠራ። ያረፈው በ1999 ነው።

ታዲያ ይህ ሐሳብ ለአዲስ አበባ ይሆናል ወይ? በእኔ እምነት በከፊል ይሆናል። የከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የሊዝ አዋጅ ወጣ። በሊዝ ጨረታ የሚወዳደር ባለሀብት ልክ እንደ አሎንሶ ሰው ያሰላል። መሃል ከተማ የቀበሌ ቤት ውስጥ በትንሽ ኪራይ የኖረው ግን ጨረታ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ወደ ዳር ይሄዳል፤ የመሃሉ መሬት ዋጋ ለሌላ ሲሆን የታክሲው ሂሳብ ለእሱ ይተርፋል። እንጀራ ጋግራ ለጎረቤት የምትሸጥ እናት ደንበኞቿንም ጭምር ታጣለች።

የአሎንሶ ሰው ዳር የሚወጣው አስልቶ፣ ወዶ ነው። የእኛን ሰው ግን ሌላ ያሰላለታል። ስለዚህ ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉ ጓደኞቼ፣ ከመሃል ወደ ዳር የተዛወረ ቤተሰብ ከገቢው ስንት እጁን ለትራንስፖርት እንደሚያወጣ ብትለኩ ሞዴሉን ከመሸምደድ የበለጠ ትጠቅሙናላችሁ እላለሁ።